ኩላሊት፣ ጨውና ውሃ
የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ከመዋጥዎ በፊት ሊያውቁት የሚገባ ነገር



ሐምሌ በጎንደርና በሰሜን ተራሮች የዝናብና የጉም ወር ነው። እዚህ በእስራኤል ግን ሐምሌ ሰማዩ ጠርቶ፣ ምድሩ ደርቆ፣ ሙቀቱ ከማለዳ ጀምሮ የሚበረታበት ወር ነው። ከደጋ የመጣ ሰው በዚህ ወቅት ሳይታወቀው ብዙ ላብ ያልበዋል። ዕድሜው የገፋ ሰው ደግሞ የውሃ ጥም ስሜቱ ስለሚቀንስ፣ ሰውነቱ ውሃ እያጣ ሳለ እንኳ «አልጠማኝም» ይላል።

እስቲ በዓይነ ኅሊናዎ አንድ ቤት ይመልከቱ። በዚያ ቤት ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት ያለፈ እናት አሉ። የደም ግፊት ስላለባቸው ሐኪም ያዘዘላቸውን ሁለት ዓይነት ኪኒን በየቀኑ ይውጣሉ፤ ከሁለቱ አንዱ የሚያሸና ኪኒን ነው። ጉልበታቸውን ቁርጥማት ስላስቸገራቸው ልጃቸው አዝኖ ከፋርማሲ የሕመም ማስታገሻ ገዛላቸው። ሕመሙም ቀለለላቸው፤ ልጁንም መረቁት። በዚያው ሳምንት ግን ተቅማጥ ያዛቸው፤ ምግብም ውሃም አስጠላቸው። ኪኒኖቹን ግን አንዱንም አላቋረጡም። በአምስተኛው ቀን ሽንታቸው ጠቁሮና አንሶ ታየ፤ ማቅለሽለሹና ድካሙም በረታባቸው። የደም ምርመራ በተደረገላቸው ጊዜ ኩላሊታቸው ሥራውን እያቆመ መሆኑ ታወቀ።

ይህ ታሪክ ለምሳሌ የቀረበ እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ታሪክ አይደለም። ሆኖም ሐኪሞች ይህን የመሰለ ነገር በየበጋው ያያሉ። ልብ ይበሉ፤ በዚህ ቤት ክፉ ነገር ያደረገ ሰው የለም። ልጁ እናቱን ሊረዳ ፈለገ፤ እናቲቱም የታዘዘላቸውን መድኃኒት በታማኝነት ወሰዱ። ችግሩ የመጣው ሦስት ነገሮች በአንድ ሳምንት በመገናኘታቸው ነው። እነርሱም የማስታገሻው ኪኒን፣ የግፊቱ መድኃኒትና የሰውነት ውሃ ማነስ ናቸው። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ለምን ጉዳት እንደሚያደርሱ ለመረዳት፣ አስቀድመን ኩላሊት ጨውንና ውሃን እንዴት እንደሚያስተዳድር እንመልከት።

ኩላሊት የጨውና የውሃ መጋቢ ነው

ኩላሊቶቻችን ከወገባችን ከፍ ብለው፣ ከጀርባ አጥንት ግራና ቀኝ የሚገኙ፣ እያንዳንዳቸው የተጨበጠ እጅ የሚያህሉ ሁለት የአካል ክፍሎች ናቸው። መጠናቸው ትንሽ ቢሆንም ልብ ከሚረጨው ደም ከአምስት አንድ እጁ ያህል ወደ እነርሱ ይሄዳል። በእያንዳንዱ ኩላሊት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን ማጥለያዎች ይገኛሉ።

እነዚህ ማጥለያዎች በአንድ ቀንና ሌሊት 180 ሊትር ያህል ውሃ ከደም ያጠላሉ። በዚህም ውሃ ውስጥ ከአንድ ኪሎ በላይ ጨው አለ። ሰው ግን በቀን የሚሸናው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ያህል ብቻ ነው። የቀረው ውሃና ጨው ወዴት ሄደ? ከማጥለያው ቀጥለው ያሉት ቀጫጭን ቧንቧዎች መልሰው ወደ ደም አስገቡት። በቀድሞው ዘመን አሞሌ ጨው እንደ ገንዘብ ሲያገለግል ነጋዴ አሞሌውን እየቆጠረ ያስገባና ያወጣ እንደነበረ ሁሉ፣ ኩላሊትም የሰውነታችንን ጨው በየሰዓቱ እየቆጠረ፣ የሚበቃውን ያስቀራል፤ የተረፈውን ያስወግዳል።

እዚህ ላይ አንድ መሠረታዊ ሕግ ያስታውሱ፤ ጨው ወደ ሄደበት ውሃም ይከተላል። ኩላሊት ጨው ካስቀረ ውሃም አብሮ ይቀራል፤ ያን ጊዜ የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ እግርም ሊያብጥ ይችላል። ጨው ከለቀቀ ደግሞ ውሃም አብሮ በሽንት ይወጣል።

ፕሮስታግላንዲን ምንድን ነው?

ኩላሊት ይህን ሥራ የሚሠራው ብቻውን አይደለም። ከአንጎል፣ ከልብና ከሌሎች የአካል ክፍሎች በደም በኩል ትእዛዝ ይደርሰዋል። እነዚህ ከሩቅ የሚላኩ ትእዛዞች ነጋሪት ተጎስሞ በአገር ሁሉ እንደሚታወጅ አዋጅ ናቸው። ከእነዚህ የተለየ፣ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ሌላ መልእክተኛ አለ። ይህ መልእክተኛ ጎረቤት ለጎረቤት በአጥር በኩል እንደሚለዋወጠው ቃል ነው። በሚያስፈልግበት ቦታ ከሕዋሳት ስብ ይሠራል፤ አጠገቡ ላለው ሕዋስ መልእክቱን ያደርሳል፤ ወዲያውም ይጠፋል።

ይህን ንጥረ ነገር በ1935 እ.ኤ.አ. ስሙን ያወጣለት ስዊድናዊው ሊቅ ኡልፍ ፎን ኦይለር ነው። መገኛው የፕሮስቴት ዕጢ ብቻ ስለ መሰለው በዚያው ዕጢ ስም ሰየመው። በኋላ ግን በመላው ሰውነት ማለት ይቻላል የሚሠራ መሆኑ ታወቀ። በ1982 እ.ኤ.አ. ሱነ በርግስትረም፣ ቤንግት ሳሙኤልሰንና ጆን ቬን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ስለ ፕሮስታግላንዲን ላደረጉት ምርምር የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

ፕሮስታግላንዲን በኩላሊት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ተግባሮች አሉት።

አንደኛ፣ ደም ወደ ማጥለያው የሚገባበትን ቀጭን የደም ቧንቧ ከፍቶ ይይዛል። ሰው በደህና ጊዜ፣ በቂ ውሃ እየጠጣ ሲኖር፣ ይህ እርዳታ እምብዛም አያስፈልግም። ነገር ግን በላብ፣ በተቅማጥ፣ በማስመለስ ወይም በጾም ምክንያት የሰውነት ውሃ ሲቀንስ፣ ሰውነት ደሙን ለልብና ለአንጎል ለማቆየት ሲል ሌሎችን የደም ቧንቧዎች ያጠብባል። በመስኖ አገር ወንዙ ሲጎድል ገበሬው ቦዮቹን አንድ በአንድ እንደሚደፍን ዓይነት ነው። በዚያ የችግር ሰዓት የኩላሊት ቦይ ጨርሶ እንዳይደፈን የሚጠብቀው ፕሮስታግላንዲን ነው።

ሁለተኛ፣ ቀጫጭኖቹን ቧንቧዎች «የተረፈውን ጨው ልቀቁ» ይላቸዋል። በዚህም የደም ግፊት ከመጠን በላይ እንዳይወጣ ይረዳል።

ሦስተኛ፣ ከአንጎል «ውሃውን ያዙ» ተብሎ የሚመጣውን ትእዛዝ ያለዝባል። በመሆኑም ኩላሊት ከሚገባው በላይ ውሃ አያከማችም።

ኪኒኑ ጉልበትን ከኩላሊት አይለይም

ይኸው ፕሮስታግላንዲን በጉልበት መገጣጠሚያ፣ በወገብ ወይም በጥርስ ሥር ሲበዛ ሕመምን፣ ትኩሳትንና እብጠትን ያመጣል። ከላይ የተጠቀሰው ጆን ቬን በ1971 እ.ኤ.አ. አስፕሪን ሕመምን የሚያስታግሰው የፕሮስታግላንዲንን መሠራት በመከልከል መሆኑን አሳየ። ከአስፕሪን በኋላ የመጡት ብዙ የቁርጥማት መድኃኒቶችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ።

እንግዲህ የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የተዋጠ ኪኒን በደም ወደ መላው አካል ይሄዳል፤ ጉልበትን ከኩላሊት ለይቶ አያውቅም። በጉልበት ላይ የተነሣውን ቃጠሎ ሲያጠፋ፣ ለኩላሊት የሚያስፈልገውንም ምድጃ አብሮ ያጠፋል። ውጤቱም እንደሚከተለው ነው።

ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይቀራሉ፤ ስለዚህ ቁርጭምጭሚት ሊያብጥ፣ የሰውነት ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊጨምር ይችላል። የደም ግፊት ከፍ ይላል፤ የግፊት መድኃኒትና የሚያሸና ኪኒን ኃይላቸው ይቀንሳል። ፖታሲየም የተባለው ማዕድን በደም ውስጥ ሊከማች ይችላል፤ ይህም ሲበዛ የልብን ምት ያውካል። ሰውነት ውሃ አጥቶ ሳለ ከሆነ ደግሞ የማጥለያው መግቢያ ይጠብባል፤ ማጥለልም ይቆማል። በምሳሌው ባየናቸው እናት ላይ የደረሰው ይህ የመጨረሻው ነው።

ይህን በጊዜ ያወቀ ሰው ብዙውን ጊዜ ይድናል። ኪኒኑ ቶሎ ከተቋረጠና የጎደለው ውሃ ከተተካ ኩላሊት በአብዛኛው ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሥራው ይመለሳል። ከቆየ ግን የማይጠገን ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

የትኞቹ ኪኒኖች ናቸው?

በዚህ አገር በብዛት የሚታወቁት ኑሮፌን፣ አድቪልና አዴክስ ናቸው፤ በሦስቱም ውስጥ ያለው ኢቡፕሮፌን ነው። ናክሲን በውስጡ ናፕሮክሲን አለበት። ቮልታረንና አቢትረን በውስጣቸው ዲክሎፌናክ አለባቸው። አርኮክሲያ በውስጡ ኤቶሪኮክሲብ አለበት። አርኮክሲያ ለጨጓራ ይሻላል ቢባልም ለኩላሊት ግን ከሌሎቹ የተሻለ አይደለም። አንዳንድ የጉንፋን ኪኒኖችም ኢቡፕሮፌን ስለሚገኝባቸው፣ ሰው ሳያውቅ አንዱን መድኃኒት ሁለት ጊዜ ሊወስድ ይችላል።

ከእነዚህ አንዳንዶቹ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣሉ። ነገር ግን ያለ ማዘዣ መሸጡ ለሁሉም ሰው የማይጎዳ መሆኑን አያመለክትም። ስለሆነም ለጎረቤትዎ የተስማማውን ኪኒን ተቀብለው አይዋጡ፤ የእርስዎንም ለሌላ ሰው አይስጡ።

ይበልጥ መጠንቀቅ ያለበት ማን ነው?

ጤነኛ የሆነና ውሃ በደንብ የሚጠጣ ወጣት ለራስ ምታት አንድ ወይም ሁለት ቀን ኪኒን ቢወስድ ኩላሊቱ የሚጎዳው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። የሚከተሉት ሰዎች ግን ሐኪም ሳያማክሩ እነዚህን ኪኒኖች መውሰድ የለባቸውም።

ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች፤ የኩላሊት፣ የልብ ወይም የጉበት ሕመም ያለባቸው፤ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ያለባቸው፤ በተለይም ኤናላፕሪል፣ ራሚፕሪል ወይም ሎሳርታን ከመሳሰሉት የግፊት መድኃኒቶች አንዱን ፉሲድን ከመሰለ የሚያሸና ኪኒን ጋር የሚወስዱ ሰዎች። በእነዚህ በሁለቱ ላይ የቁርጥማት ኪኒን ሦስተኛ ሆኖ ሲጨመር የኩላሊት አደጋ በእጅጉ ከፍ ይላል።

ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል በገቡ ወገኖቻችን ዘንድ፣ አመጋገብና አኗኗር ሲለወጥ፣ የስኳር በሽታና የደም ግፊት እየበዙ መምጣታቸውን ሐኪሞች ካስተዋሉ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱም በሽታዎች ለረዥም ጊዜ ምንም ሳይሰማ ኩላሊትን ይጎዳሉ። ስለዚህ «እኔ ደህና ነኝ፤ ምንም አይሰማኝም» ማለት ብቻውን በቂ አይደለም፤ መመርመር ያስፈልጋል።

ስለ ጾም

በአስተስርዮ ዋዜማ፣ በጾም የሚመጣውን የራስ ምታት ለመከላከል አርኮክሲያን የሚውጡ ብዙ ሰዎች በዚህ አገር ይገኛሉ። ከላይ እንደ ተገለጸው ግን፣ ኩላሊት ፕሮስታግላንዲንን አጥብቆ የሚፈልገው ሰውነት ውሃ ባጣበት ሰዓት ነው። ውሃ የማይጠጣበትን ቀን ከኪኒኑ ጋር ማገናኘት፣ በተለይ ለአዛውንቶችና ለሕመምተኞች፣ ቦዩ በጎደለበት ቀን መግቢያውን እንደ መድፈን ይቆጠራል። በክረምቱ ሙቀት ሳይሆን በዚህ አገር የበጋ ሙቀት ለሚጾመው ለጾመ አብም ምክሩ አንድ ነው።

መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከጾሙ አንድ ሁለት ሳምንት አስቀድመው ሐኪምዎን ያነጋግሩ። መጾም ይገባኛል ወይስ አይገባኝም የሚለውን ጥያቄ ደግሞ ሐኪሙ ከነገረዎት ጋር ለቄሱ ወይም ለረቢው ያቅርቡ። ሕይወትን ማዳን እንደሚቀድም አባቶችም ያስተምራሉ።

ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ ሕፃናት

በማኅፀን ያለ ሕፃን በእንሽርት ውሃ ተከብቦ ይኖራል። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ አብዛኛው የእንሽርት ውሃ የሚመጣው ከሕፃኑ ሽንት ነው። እናቲቱ የፕሮስታግላንዲንን ሥራ የሚከለክል ኪኒን ስትወስድ የሕፃኑም ኩላሊት ሥራውን ይቀንሳል፤ የእንሽርቱም ውሃ ያንሳል። በዚህ ምክንያት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. ነፍሰ ጡሮች ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እነዚህን ኪኒኖች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳይወስዱ አስጠንቅቋል። ሐኪም ራሱ በአነስተኛ መጠን ያዘዘው አስፕሪን ግን ከዚህ የተለየ ስለሆነ፣ በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡት።

ሕፃን ልጅዎ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ይዞት ሳለ ትኩሳት ቢነሣበት፣ ኢቡፕሮፌን ያለበትን ሽሮፕ ከመስጠትዎ በፊት ሐኪም ወይም ነርስ ይጠይቁ።

ታዲያ ሕመም ሲመጣ ምን ይደረግ?

ሕመምን ታግሦ መኖር አይገባም፤ የሚያስፈልገው ትክክለኛውን መንገድ መምረጥ ነው።

ለብዙ ሰዎች የመጀመሪያው ምርጫ ፓራሲታሞል ነው። በዚህ አገር አካሞል ወይም ዴክሳሞል በሚባል ስም ይሸጣል። በተገቢው መጠን ሲወሰድ በኩላሊት ውስጥ ያለውን ፕሮስታግላንዲን እንደ ሌሎቹ አይነካም። ለአዋቂ ሰው በቀን ከ4 ግራም፣ ማለትም ባለ 500 ሚሊግራሙ ከሆነ ከስምንት ፍሬ፣ ማለፍ የለበትም፤ ከዚህ ካለፈ ጉበትን ይጎዳል። የጉበት ሕመም ያለበት፣ አልኮል የሚያበዛ ወይም ሰውነቱ የቀጨጨ ሰው መጠኑን ከሐኪም ይጠይቅ። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ኦፕታልጂንንም ቢሆን ሳያማክር አይውሰድ።

ለጉልበት ቁርጥማት የሚቀባ ቅባት ከሚዋጠው ኪኒን ይልቅ ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው፤ ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ ሐኪምዎን ይጠይቁ። የእግር እንቅስቃሴና በፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሚሰጥ ሕክምናም ይረዳል።

በበጋ ጥም እስኪመጣ ሳይጠብቁ ውሃ ይጠጡ። ቡናው ሲፈላ ከስኒው ጎን የውሃ ብርጭቆም ይቅረብ። ሽንትዎ እንደ ገለባ ፈዘዝ ያለ መልክ ካለው ውሃው በቅቶዎታል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብዎት ግን የሚጠጡትን መጠን ሐኪሙ ይወስንልዎ።

ጨው ይቀንሱ። የዓለም የጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ሲሆን፣ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። በወጡ ላይ ከሚነሰነሰው ሌላ፣ በዳቦ፣ በወይራ ፍሬ፣ በጨው በተቀመጠ አትክልት፣ በአይብና በሾርባ ዱቄት ውስጥ ብዙ ጨው ተሰውሮ ይገኛል።

ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ማስመለስ ከያዘዎት የቁርጥማቱን ኪኒን ያቁሙ። የግፊትና የሚያሸና ኪኒንን በተመለከተ ግን በራስዎ አይወስኑ፤ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክዎ ደውለው «ልቀጥል ወይስ ለጥቂት ቀን ላቁም?» ብለው ይጠይቁ።

ችላ የማይባሉ ምልክቶች

ሽንት ሲያንስ ወይም እንደ ሻይ ሲጠቁር፣ እግር ወይም ፊት ሲያብጥ፣ ክብደት በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለት ኪሎ ያህል ሲጨምር፣ ወይም የማያቋርጥ ማቅለሽለሽና ድካም ሲሰማ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂዱ። ትንፋሽ ሲያጥር፣ የልብ ምት ሲዛባ ወይም ሰው ሐሳቡ ሲደናገርበት ወደ ማጌን ዳቪድ አዶም በስልክ ቁጥር 101 ይደውሉ።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት የጤና መድን ሕግ መሠረት እያንዳንዱ የእስራኤል ነዋሪ የአንድ ቁፓት ሖሊም አባል የመሆን መብት አለው። ስለዚህ የስኳር በሽታ ወይም የደም ግፊት ካለብዎት፣ የኩላሊትዎ ሁኔታ በደምና በሽንት እንዲመረመር የቤተሰብ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ወደ ሐኪም ወይም ወደ ፋርማሲ ሲሄዱ በቤት ያለውን ኪኒን ሁሉ፣ ያለ ማዘዣ የገዙትንም ጭምር፣ በአንድ ከረጢት ይዘው ይሂዱ። ቋንቋው ከከበደዎት አስተርጓሚ እንዲቀርብልዎ ይጠይቁ፤ ትንንሽ ልጆች የወላጆቻቸውን ሕመም እንዲያስተረጉሙ ባይደረግ ይመረጣል። አስተርጓሚ ባይገኝ እንኳ እነዚህን ሁለት የዕብራይስጥ ዓረፍተ ነገሮች ይያዙ።

«የሽ ሊ ለሐጽ ዳም ጋቮሃ።» ትርጉሙም «የደም ግፊት አለብኝ» ማለት ነው።

«ሀትሩፋ ሀዞት መሱኬኔት ላክላዮት?» ትርጉሙም «ይህ መድኃኒት ለኩላሊት አደገኛ ነውን?» ማለት ነው።

ጠይቆ መግዛት ነውር አይደለም። በምሳሌው ያየነው ልጅ በፋርማሲው መስኮት ፊት ይህችን አንዲት ጥያቄ ጠይቆ ቢሆን ኖሮ፣ የእናቱ ጉልበትም በሌላ መድኃኒት ይታገሥ፣ ኩላሊታቸውም ከጉዳት ይድን ነበር። እርስዎም ዛሬ ማታ የቤትዎን የመድኃኒት ከረጢት ይክፈቱ፤ ከእነዚህ ኪኒኖች የትኞቹ እንዳሉና ማን እንደሚወስዳቸው ይመልከቱ።